ያላጠረው ሰንሰለት

አጎቴ በራችንን ያንኳኳው በአንድ የእረፍት ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ገብቶ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ግራ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አወዛወዘው። እጁ ላይ የነበረው የብረት ሰዓት ተንሸራቶ እስከ ክርኑ ወረደ። እጁን ወደ ታች ሲያደርገው ደግሞ ተመልሶ መጥቶ ጣቶቹ ጋ ተንጠለጠለ። ሳቅሁ። እናቴም ሳቀች።

«ሽቦ ላይ ሰንሰለት አየሁ ዛሬ!» አለች።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከቅጥነቱ የተነሳ ሰፈሩ በሙሉ ሽቦ ይለው ነበር፤ እሱም ቅጽል ስሙን ወዶት ነበር፤ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሲያገኝ መልስ ለመስጠት ይዘገይ ነበር።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አላት። «ጋሼ ያሳጥርልኛል።»

ጋሼ የሚለው አባቴን ነው። የአባቴ ሥራ ሚዛን መጠገን ነበር፤ የሱቆችን፣ የሥጋ ቤቶችን፣ የወፍጮ ቤቶችን። ዘመድ ግን ሚዛን ስለሌለው የተሰበረ መነጽር፣ የማይከፈት ቁልፍ፣ የማይናገር ሬዲዮ ይዞለት ይመጣል። እሱም በእረፍት ቀኑ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ሁሉንም ይቀበላል። ለምን ነጭ እንደሆነ ጠይቄው ነበር። «አበባ ያለበት ጨርቅ ላይ ሚስማር ቢወድቅ ማን ያገኘዋል?» ነበር ያለኝ።

ያን ቀንም ጨርቁን አነጠፈ። ከተበላሸ ድምጽ ማጉያ ያወጣውን ማግኔት ጎኑ አስቀመጠ፣ የሰንሰለቱን ቁራጮች የሚያያይዙት ሚስማሮች ሲወጡ እንዳይንከባለሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣

«ያን ትልቁን ላጲስህን አምጣ» አለኝ።

ሮጬ አመጣሁ። ሰንሰለቱን በጎኑ ላጲሱ ላይ አስተኛው። ላጲስ ብረቱን አይጭረውም፣ ከሥር ደግሞ ሚስማሩ የሚገባበት ቦታ ይሰጣል። በሰንሰለቱ የውስጥ ገጽ ላይ የተቀረጹ ትንንሽ ቀስቶች አሳየኝ።

«ሚስማሩ የሚወጣው ቀስቱ ወደሚያሳይበት ብቻ ነው። በሌላ በኩል ከገፋኸው ይጣመማል።»

ጫፉን ሞርዶ ያዶለዶመውን መርፌ ሚስማሩ ላይ አቁሞ በትንሿ መዶሻ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገው። ከፀጉር ትንሽ የሚወፍር ሚስማር ብቅ አለና ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ። አንድ ቁራጭ ከሰንሰለቱ ተለየ። ከዚያ ሰዓቱን አዙሮ በሌላኛው ጎን ጀመረ።

«ከዚያው ጎን ሌላ አትጨምርም?» አልኩት።

«ከሁለቱም እኩል ነው የሚነሳው። ከአንድ ወገን ብቻ ካነሳህ መቆለፊያው መሃል መሆኑ ይቀርና ሰዓቱ ያጋድላል።»

«ጋሼ ደግሞ ሁሉን ነገር ሚዛን ታደርገዋለህ!» አለ አጎቴ። አልተቀመጠም ነበር፤ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ይመላለስ ነበር።

«ከየት አገኘኸው?» አለው አባቴ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ።

«ከአንድ ልጅ ላይ ነው የገዛሁት። ቸግሮት።»

«የየት ልጅ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ፖሊስ ሆንክብኝ እንዴ?»

እንደገና ሳቅን። አጎቴ «እስክትጨርስ ጎኔን ላሳርፍ» ብሎ ወደ ጓዳ ገብቶ አልጋዬ ላይ ተጋደመ። እግሩ ከአልጋው ወጥቶ ሲንጠለጠል ከነበርኩበት ይታየኝ ነበር። ደስ ያለው ሰው ነው ብዬ አሰብኩ፤ አዲስ ሰዓት ያለው ሰው ምን ይጎድለዋል? ለቀናት ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ እንዳልዞረ እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት መጥቶ የሚተኛው እኛ ቤት ነበር፤ እኔ ትምህርት ቤት ስለምሆን አላየሁትም።

አባቴ ሚስማሮቹ በቀላሉ እንዲንሸራተቱ ብሎ ሰንሰለቱን በብርጭቆ በተቀዳ የሳሙና ውሃ ውስጥ ዘፈቀው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቁራጮቹ መሃል ያለውን ቆሻሻ ፈገፈገው። ውሃው መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ።

«ዝገት ነው?» አልኩት።

አባቴ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው። አሸተተው።

«ይህ ብረት አይዝግም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«እንግዲያው ሻይ ተደፍቶበት ይሆናል» አልኩት። ብልህ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ከብርጭቆው ስላላነሳ ሌላ ብልህ ነገር ፈለግሁ። «አባባ ዘበኛውም ልክ እንደዚህ ያለ ሰዓት አለው።»

«የቱ ዘበኛ?»

«የመጋዘኑ።»

ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ የምናልፍበት ትልቅ መጋዘን አለ። አጎቴም እዚያ ነው ጭነት የሚያወርደው። በሩ ላይ የሚቀመጠው ዘበኛ እጁ የእኔን ጭን የሚያህል ወፍራም ሰውዬ ነበር። ያን ዓመት ሰዓት ማንበብ እየተማርን ስለነበር ስናልፍ «አባባ፣ ስንት ሰዓት ነው?» እንለዋለን። እሱ ግን አይነግረንም። እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ ሰዓቱን አፍንጫችን ሥር ያመጣውና «እናንተ ንገሩኝ እንጂ! እኔ መቼ ተማርኩ?» ይለናል። ከተሳሳትን «ገና ነው፣ ተመለሱና ተኙ» ብሎ ያባርረናል። ያን ሰዓት ከማንም ሰዓት ይልቅ አውቀው ነበር። መስታወቱ ላይ ከመሃሉ ተነስቶ ሰባት ቁጥር ድረስ የሚወርድ ጭረት ነበረው፤ ያን ጭረት ሦስተኛ ቆጣሪ አድርጌው ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ።

«እይ፣ ጭረቱ እንኳ አንድ ዓይነት ነው!» አልኩት አባቴን በጣቴ እያሳየሁ። ጭረቱ ከፋብሪካው አብሮ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሰውዬውን መቼ አየኸው?»

«አሁን እኮ የለም። አሞታል። ሌላ ዘበኛ ነው ያለው፣ እሱ አያጫውተንም።»

አሞታል ያሉን አስተማሪያችን ናቸው። እውነቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ከልጆች በቀር። መጋዘኑ ተሰብሮ ነበር። ዘበኛውን ደብድበው ዝናብ ላይ ጥለውት ሄደዋል። ሆስፒታል ተኝቶ ሰው አይለይም ነበር።

አባቴ «እዚሁ ጠብቀኝ፣ ምንም እንዳትነካ» አለኝና እናቴ ወዳለችበት ወጥ ቤት ገባ። የወጥ ቤቱ በር እርጥበት አሳብጦት ስለማይገጥም ውስጥ የሚወራው ሁሉ ይሰማ ነበር።

«እጁ አለበት» አለ አባቴ።

«የማን? ምን ላይ?»

«የወንድምሽ። እልሻለሁ፣ እጁ አለበት።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። ባዶውን ተኝቷል፤ የማንም እጅ የለበትም። የአጎቴ እጅ ጓዳ፣ አልጋዬ ላይ፣ ከራሱ ጋር ነው። አባቴ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር መሳሳቱ ገረመኝ።

 እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አሳጥረህ ስጠውና ይሂድ» አለች። «ምን አየህ አንተ? ምንም አላየህም።»

«ልጁ አይቷል።»

«ልጁ ምን ያውቃል!»

ይህ ቅር አሰኘኝ።

«ሰዓቱን አውቆታል፣ ከነጭረቱ። ነገ ጓደኞቹን አጎቴም እንደ አባባ ዘበኛው ያለ ሰዓት አለው ቢላቸውስ? ምን ልበለው? ዋሽ ልበለው?»

«እኔ ነኝ ያሳደግሁት። እናታችን ስትሞት ይህን ታህል ነበር። ጡት ያላጠባሁት ብቻ ነው። ስማኝ እንጂ፣ የልጄ አባት...»

«ሰውዬውንም ያሳደገው ሰው አለ» አለ አባቴ።

አንድ ሳህን ተሰበረ። እናቴ ሳህን ሰብራ አታውቅም ነበር። ሁለቱም ወጡና እናቴ እኔን ስታይ ደነገጠች።

«አንተ፣ ውጣና ተጫወት።»

«በዝናብ?»

«እንግዲያው አፍህን ዘግተህ ተቀመጥ።»

አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አባቴ ወደ ጓዳው በር ሄዶ «ሽቦ፣ ና» አለ። በዚያ ስም ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር፤ ሁሌም «ወንድሜ» ነበር የሚለው። አጎቴ ወዲያው ተነሳ፤ እንደተኛ ሰው ዓይኑን አላሸም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሰዓቱ በሁለት ተከፍሎ ሲያይ «እስካሁን?» አለ።

አባቴ ብርጭቆውን በጣቱ ገፍቶ ወደ እሱ አስጠጋለት።

«ይህ ዝገት አይደለም» አለው።

አጎቴ ውሃውን አየ። ከዚያ እናቴን አየ። እናቴ አቀርቅራ ነበር። እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጉልበቱ መሃል ደበቃቸው።

«አልመታሁትም» አለ። «በእናቴ አጥንት፣ እኔ አልመታሁትም ጋሼ። እጁን ብቻ ነው የያዝኩት።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። አጎቴ የታመመውን ዘበኛ ሊጠይቀው ሄዷል። አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ይዞታል፤ እኔ ትኩሳት ሲይዘኝ እናቴ እንደምትይዘኝ። በጎ ነገር ሠርቶ የሚያፍር ሰው አይቼ ስለማላውቅ አሳዘነኝ።

«እጁን ይዤው ሲታገል... ሰዓቱ ተፈትቶ እጄ ላይ ቀረ። ልጥለው ነበር። መጣል አቃተኝ።»

መታገሉም ገባኝ። ሕመምተኛ ከበሽታው ጋር ይታገላል ሲባል ሰምቻለሁ። ዘበኛው እየታገለ ለያዘው ሰው ሰዓቱን ትቶለታል ብዬ አሰብኩ፤ ከዚህ የሚያምር ስጦታም አልታየኝም።

በኋላ ፍርድ ቤት ከተባለው አባቴ የነገረኝ ይህን ነው፤ ዘራፊዎቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ከሌላ ሰፈር የመጡ ናቸው። የአጎቴ ድርሻ የሚያውቀውን ዘበኛ ሰላም ብሎ በሩን ማስከፈትና እጁን መያዝ ነበር። እጁ የተያዘ ሰው ደግሞ ጭንቅላቱን መከለል አይችልም።

«እጅህን መስጠት አለብህ» አለው አባቴ።

«ወይኔ!» አለች እናቴ።

«ጋሼ፣ ይገሉኛል እዚያ...»

«ዛሬ። ሰውዬው ነፍሱ እያለች፣ ሌሎቹ ተይዘው ስምህን ሳይጠሩ። በገዛ እግርህ። እጅህን ስጥ።»

አጎቴ አልተንቀሳቀሰም። እጆቹ አሁንም ጉልበቱ መሃል ናቸው። እኔ ደግሞ ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር አልታየኝም። አባቴ ሰንሰለቱን ሊለካ እጁን ፈልጓል፤ እጅ ካልሰጡት እንዴት ብሎ ይለካል? ከወንበሬ ወርጄ የአጎቴን ግራ እጅ ጎተትኩት።

«አጎቴ፣ እጅህን ስጠው እንጂ! አያምም እኮ!» አልኩትና ነጩ ጨርቅ ላይ፣ አባቴ ፊት አስቀመጥኩለት።

እጁ ቀዝቃዛ ነበር። ከጨርቁ ላይ አላነሳውም።  አጎቴ እኔን አይቶ መሳቅ ጀመረ፤ የሁልጊዜ ሳቁ ነበር አጀማመሩ። ከዚያ ትከሻው እየዘለለ ሳቁ ድምጽ አልባ ሆነና ግንባሩን እዚያው እጁ ላይ ደፋ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እሺ» አለ አጎቴ፣ እንዳቀረቀረ። ለአባቴ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

አባቴ መርፌውን አነሳ። አሁን ሊለካው ነው ስል አልለካውም። ከማግኔቱ ላይ አንድ ሚስማር አላቀቀና መጀመሪያ ያወጣውን ቁራጭ ወደ ቦታው መለሰው። ከዚያ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

«አባዬ፣ እያስረዘምከው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ለአጎቴ ይሰፋዋል።»

«እንደነበረ ነው የማደርገው።»

 አንድ ሚስማር ሁለት ጊዜ ከአባቴ እጅ ወደቀና ሁለቱንም ጊዜ ያገኘሁለት እኔ ነኝ። የመጨረሻውን ሲመታ መርፌው ተሰበረ። አስተካክሎ ሲጨርስ ሰዓቱ እንደመጣው ሰፊ ነበር፤ የዘበኛውን እጅ የሚያህል። በመሃረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ጃኬቱን ለበሰ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ወደሚመለከታቸው ሰዎች።»

ሰዓት የሚመለከተው ሰዓት ሠሪ ነው። ስለዚህ ገባኝ፤ አባቴ አልሆን ብሎት ወደ ሰዓት ሠሪ ሊወስደው ነው። አፈርኩለት። ሰው ፊት እንዲህ ሲሸነፍ አይቼው አላውቅም ነበር።

እናቴ የአባቴን ወፍራም ሹራብ ከሳጥን አውጥታ አጎቴን እንደ ሕፃን እጁን እያስገባች አለበሰችው። «እዚያ ይበርዳል» ትለው ነበር፣ ደጋግማ። የአንገቱን ቁልፍ ከቆለፈችለት በኋላ መልሳ ፈታችው፣ እንደገና ቆለፈችው። የሰዓት ሠሪው ሱቅ ምን ያህል ቢቀዘቅዝ ነው ብዬ ተደነቅሁ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። አባቴን ግን እናቴ ሲወጣም አላየችውም።

መስኮቱ ላይ ወጣሁ። ዝናቡ ወደ ካፊያ ተቀይሮ ነበር። አባቴ የአጎቴን እጅ አንጓው ላይ አጥብቆ ይዞታል። ጭቃው ስለሚያንሸራትት ነው ብዬ አሰብኩ። መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ፣ ፖሊስ ጣቢያው ከሚታይበት ቦታ ላይ፣ ሁለቱም ቆሙ። አባቴ እጁን ለቀቀው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለእረፍት ስመጣ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ከአባቴ ጋር በዚያው መንገድ ስናልፍ «ለምን ለቀቅከው?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ይዤው ብገባ ተያዘ ነው የሚባለው» አለኝ። «እጁን ሰጠ አይባልም።»

«ቢሮጥስ ኖሮ?»

«እሱን አትጠይቀኝ» አለና ፍጥነቱን ጨመረ።

አጎቴ ግን አልሮጠም። ግራና ቀኝ አየ። ሹራቡን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገ፤ ሰፍቶት ነበር። ከዚያ ብቻውን ቀድሞ መንገዱን ተሻገረ፤ አባቴ ራቅ ብሎ ከኋላው ተከተለው። ከታጠፉ በኋላ አላየኋቸውም። አጎቴን ከዚያ ወዲህ በጭራሽ አላየሁትም። ዘበኛው ሳይነቃ ሞተ። አጎቴ እጁን ስለሰጠ የእስራት ዘመኑን አሳጠሩለት፤ ከቀረው ግን ግማሹን እንኳ ሳይጨርስ ሳንባው እዚያው ጨረሰው። የእናቴ ዘመዶች በእረፍት ቀን መነጽርና ሬዲዮ ይዘው መምጣት አቆሙ። አባቴ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ነጩን ጨርቅ አንጥፎ ይቀመጥ ነበር፤ ጋዜጣ ያነብበታል። እናቴ ቤቱንም እሱንም አልተወችም። ሹራብ ግን ዳግመኛ አልገዛችለትም፤ ብርድ በመጣ ቁጥር በጃኬት ይንቀጠቀጣል።

ያን ቀን ግን ይህን አላውቅም። ከመስኮቱ ወርጄ ስዞር እናቴ አጎቴ በተነሳበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ቡናማው ውሃ ፊቷ ነው። ልትደፋው አንስታ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እንዳዘነች ገባኝ፤ ያሳዘናት ደግሞ የኔኑ ዓይነት ነገር መሰለኝ።

«እማዬ፣ አባዬ አቃተው አይደል?»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አዎ» አለች። «አቃተው።»

እንደዚያ ቀዝቅዛ ስለ አባቴ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ሄጄ ጉልበቷ ላይ ተደገፍኩ።

«አይዞሽ፣ እነሱ ያሳጥሩለታል።»

«ማነው ያለህ?» አለች። ሁለት ትከሻዬን ይዛ ከራሷ አራቀችኝና ዓይኔን አየችው። «ማን ነገረህ? አባትህ ነው? ያሳጥሩለታል አለ?»

ማንም አልነገረኝም። ግን በዚያ ዓይን የምትጠብቀኝን እናቴን «አላውቅም» ማለት አልቻልኩም።

«ያሳጥሩለታል» አልኳት፣ እርግጠኛ ሆኜ። «ለነሱ ምንም ማለት አይደለም።»